የአጥር ቡገንቪሊያን በልኩ ስለማቆየት

በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ እንደ ቡገንቪሊያ ተወዶ የሚተከል፣ ከተተከለ በኋላም እንደ እርሱ ባለቤቱን የሚያማርር አበባ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በጥቅምትና በኅዳር ከአጥር በላይ ሐምራዊ ሆኖ ሲወርድ መንገደኛውን ያስቆማል፤ ክረምት ሲገባ ግን የጎረቤት ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ የመኪና መግቢያውን ያጠባል፣ በዝናብ ከብዶ ሲጋደምም አሮጌ አጥር ይዞ ሊወድቅ ይችላል። ብዙ ሰው የሚወስደው መፍትሔ በዓመት አንድ ጊዜ ገጀራ የያዘ ሰው አስገብቶ እስከ አጥሩ ጫፍ ድረስ ማስጨፍጨፍ ነው። ይህ አሠራር ተክሉን የሚያሳንሰው ለጥቂት ሳምንታት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከበፊቱ የበዛ ቁጥቋጦና ያነሰ አበባ ነው። የቡገንቪሊያን መጠን ከሚቆረጠው ብዛት ይልቅ የሚቆረጥበት ወቅትና የሚሰጠው ምግብ ይወስነዋል ብዬ ስለማምን፣ በግቢዬ የምከተለውን መንገድ ከነምክንያቱ እጽፋለሁ።

የተክሉ የትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊበር ኮሜርሶን እ.ኤ.አ. በ1767 በሪዮ ዴ ጃኔሮ አግኝቶት፣ የጉዞው መሪ በነበረው በሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል ስም ተጠራ። በተፈጥሮው ሌሎች ዛፎችን ተደግፎ ወደ ብርሃን የሚወጣ ሲሆን፣ የሚደገፈው ነገር ካገኘ ከ10 ሜትር በላይ ሊዘልቅ ይችላል። እንደ ወይን የሚጠመጠም ጅማት ስለሌለው፣ ረጃጅም ቅርንጫፎቹን እየወረወረ በእሾሁ ይንጠላጠላል። ስለዚህ ምን እንዲደገፍ እንደምንሰጠው አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ጽድ ወይም ግራቪሊያ አጠገብ የተተከለ ቡገንቪሊያ ዛፉን ይዞ ከወጣ በኋላ በመሰላል የሚደረስበት አይደለም።

አሁን ወደ መቁረጡ እንምጣ። ወደ ላይ የሚያድግ ማንኛውም ቀምበጥ ጫፉ ላይ ኦክሲን የተባለ የዕድገት ንጥረ ነገር ያመርታል፤ ይህ ንጥረ ነገር ወደ ታች እየወረደ በጎን ያሉት ዐይኖች፣ ማለትም አዲስ ቀምበጥ የሚወጣባቸው እብጠቶች፣ እንዳይፈነዱ ይይዛቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ የተያዙት ዐይኖች ይለቀቁና በአንዱ ቀምበጥ ፈንታ ሁለት ሦስት ይወጣሉ። በገጀራ አንድ ቁመት ላይ የተጨፈጨፈ አጥር ከአንድ ወር በኋላ መጥረጊያ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዕድገቱ ሁሉ ከቁርጡ በላይ ይሰበሰባል፣ የታችኛው ክፍል ግን ራቁቱን ይቀራል። በተጨማሪም ገጀራ እንጨቱን ሰንጥቆ ስለሚተወው ቁስሉ ውኃ ይቋጥራል፣ ቅርንጫፉም ከላይ ወደ ታች መድረቅ ይጀምራል። ጥሩ የአትክልት መቀስ፣ ለወፍራሙም ትንሽ መጋዝ፣ ክርን ድረስ የሚደርስ የቆዳ ጓንት ይበቃሉ። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ይህን ስነግራቸው፣ «እመቤት፣ ይሄ እንደሆነ እንኳን በገጀራ በእሳትም አይሞት» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ አይሞትም፤ ነገር ግን የተከልኩት እንዲያብብ እንጂ እንዳይሞት ብቻ አይደለም።

የቡገንቪሊያን ቅርንጫፍ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። በእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ውስጥ ከምትታየው ዐይን አጠገብ ወይ እሾህ ወይ የአበባ ዘለላ ይወጣል፤ ሁለቱም ከአንድ መነሻ የሚያድጉ ናቸው። ውኃና ናይትሮጅን ተትረፍርፎለት በፍጥነት በሚያድግ ቀምበጥ ላይ ያ መነሻ እሾህ ይሆናል፤ ዕድገቱ ረጋ ሲል፣ አፈሩ ሲደርቅና ቀኑ ሲያጥር ደግሞ አበባ ይሆናል። እኛ አበባ የምንለው ባለቀለም ክፍልም በእርግጥ ቅጠል ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች በመካከሉ ሦስት ሆነው የሚቆሙት ነጫጭ ትንንሽ ቱቦዎች ናቸው። ስለዚህ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ እሾሁ ረጅምና አንጓዎቹ የተራራቁ ቀምበጥ ሲታይ፣ ተክሉ ጠግቦ ቁመት እየፈለገ መሆኑን ማወቅ ይቻላል።

በአዲስ አበባ አየር ዋናውን ገረዛ የማካሂደው አበባው ካለቀ በኋላ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ ከባዱ ዝናብ ሳይገባ ነው። ያኔ የተቆረጠው ቁስል በደረቅ አየር ይድናል፣ አዲሱ ቀምበጥም ክረምቱን ሙሉ የሚያድግበት ጊዜ ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት የዘለቀውን ብቻ አነሣለሁ። ጳጉሜን አካባቢ፣ ዝናቡ መቀነስ ሲጀምር፣ የክረምቱን ለጋ ቀምበጦች ጫፍ በጣት ወይም በመቀስ እቀነጥባለሁ፤ ከዚያ የሚወጡት አጫጭር የጎን ቅርንጫፎች ደረቁ ወቅት ላይ ይደርሱና አበባ ይይዛሉ። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ መቀሱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በጥቅምት መቁረጥ የመጣውን አበባ ማባከን ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አጥብቆ መቁረጥ ደግሞ ለጋ ቡቃያን ለሌሊት ብርድ አሳልፎ መስጠት ይሆናል። እንደ ድሬዳዋ ወይም አዳማ ባሉ ሞቃት ከተሞች ያላችሁ ግን የብርዱ ስጋት ስለሌለባችሁ፣ ከእያንዳንዱ የአበባ ዙር በኋላ በጥቂቱ መከርከም ትችላላችሁ።

አቆራረጡን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ ለዘለቄታው የሚቆይ ወፍራም አጽም መምረጥ ያሻል፤ እኔ ከግንዱ በስተግራና በስተቀኝ በአጥሩ ሽቦ ላይ የተዘረጉ ጥቂት ቅርንጫፎችን ይዤአለሁ። ከእነርሱ የሚወጡትን የጎን ቅርንጫፎች በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ አስቀርቼ፣ ከአንጓው ጥቂት ከፍ ብዬ ወደ ውጭ ከምትመለከት ዐይን በላይ እቆርጣለሁ። ከግንዱ ሥር በክረምት እንደ ጦር ቀጥ ብለው የሚወጡትን ደግሞ ገና ለጋ ሳሉ እነቅላለሁ፤ ከጠነከሩ በኋላ መጋዝ ይፈልጋሉ። ባዶ ቦታ መሸፈን ከተፈለገ ግን ከእነዚሁ አንዱን ሳይደርቅ አጋድሞ በሽቦው ላይ ላላ አድርጎ ማሰር ይቻላል። የተጋደመ ቅርንጫፍ ጫፉ የበላይነቱን ስለሚያጣ፣ በርዝመቱ ሁሉ ያሉት ዐይኖች ይነቃሉ፤ ቁመቱም ይገታል፣ አበባውም ከታች እስከ ላይ ይከፋፈላል። ከመቁረጥ ይልቅ ማጋደም የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው ባይ ነኝ።

ምግቡን በሚመለከት ቁጥብ መሆን ይበጃል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ለቡገንቪሊያ መስጠት ቅጠልና እሾህ መግዛት ነው፤ ከገረዛው በኋላ አንድ ጊዜ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በግንዱ ዙሪያ ማድረግ ለዓመቱ ይበቃዋል። ሥር ከያዘ በኋላ በበጋ ውኃ የሚያስፈልገው አፈሩ ጠልቆ ሲደርቅ ነው። አጠገቡ በየቀኑ የሚጠጣ ሣር ካለ ተክሉ ሳናስበው አብሮ ይጠግባልና፣ አላብብ ያለ ቡገንቪሊያ ሲታይ በመጀመሪያ የሣሩን የውኃ ማጠጫ ጎማ መመልከት ይገባል። ቦታው ጠባብ ለሆነበት ሰው በትልቅ ማሰሮ ወይም ከሥሩ በተበሳ ግማሽ በርሜል መትከል የተሻለ ነው፤ ሥሩ ሲጠበብ ቁመቱ ይገታል፣ አበባውም አይቀንስም። በርሜሉ መሬቱን ከነካ ግን በቀዳዳው ሥር ሰድዶ ያመልጣል፤ ከሥሩ ጡብ ማድረግ አይረሳ።

ለዓመታት ተትቶ የተወሳሰበውን ተክል የቡና ገበሬ ያረጀ ቡናን እንደሚጎነድለው በአንድ ጊዜ ከሥሩ መጎንደል ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ዳግም የሚመጣው የቀምበጥ ብዛት ካስቸገረን ይበልጣልና። በየዓመቱ ከአሮጌዎቹ ግንዶች አንድ ሦስተኛ ያህሉን ከታች ማውጣት ተክሉንም ሰውንም አያደክምም። የመብራት ገመድ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች መንገር እንጂ በእርጥብ መሰላል ላይ ቆሞ መድፈር አይገባም።

የተቆረጠው በዚያው ቀን ቢነሣ ጥሩ ነው። እሾሁ ሲደርቅ የባሰ ይጠነክራል፣ ጫማና የመኪና ጎማ ይበሳል፣ ሲወጋም አንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ርጥብ ሳለ አሳጥሬ በጆንያ እሰበስበዋለሁ፤ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ የምጨምረው ቅጠሉንና ለጋውን ብቻ ነው። የቀረውን ዘንድሮ ጎረቤቴ እትዬ፣ «እሾሁን እንዳትጥይው የኔ ልጅ፣ ለዶሮዎቼ ቤት ዙሪያ እፈልገዋለሁ፤ ሸለምጥማጡ አስቸግሮኛል» ብለው አስወስደውታል።