ፖይንት ቦኒታ፦ ሦስተኛው ሙከራ

ፎቶ ማንሳት መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። የማነሳው በስልክ ነው። ካሜራ መግዛት ትንሽ ከተሻሻልኩ በኋላ ይደርሳል ብያለሁ። ባለፈው የኦክላንዱን ሐይቅ ፎቶዎቼን ሳሳያችሁ «ሁሉም ጠፍጣፋ ነው» አላችሁኝ። ልክ ናችሁ፣ ሁሉንም ቆሜ በዓይኔ ልክ ነው ያነሳሁት። ስለዚህ ከፍታ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሆክ ሂል ነው። ከሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ ያለ 280 ሜትር ገደማ የሚሆን ኮረብታ ነው፤ ድልድዩን ከነከተማው ቁልቁል ያሳያል። እኔን ያሳየኝ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ሐምሌ ነበር። ፈረንጆቹ በጋ ይበሉት እንጂ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሐምሌ ያው እንደኛው ሐምሌ ነው። ከባሕሩ ራቅ ያለው ምድር ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ በሱ ቦታ ቀዝቃዛው የውቅያኖስ አየር ጉሙን ተሸክሞ በባሕር ወሽመጡ አፍ ይገባል። አብረውኝ የመጡት ጋሼ (የሥራ ባልደረባዬ ናቸው፣ አገር ቤት እያሉ በጣርማ በር በአይሱዙ የተመላለሱ ሰው) ከመኪናው አልወረዱም። «አንተ ልጅ፣ ጉም ለማየት ነው ነዳጅ የምታቃጥለው? ጉም እኮ እኛ ጋ በነፃ ነው!»

ሁለተኛው ሙከራ የራሴ ጥፋት ነው። ከኮረብታው አልፎ ወደ ውቅያኖሱ ሹል ሆኖ የገባ ምድር አለ፣ ፖይንት ቦኒታ ይባላል፤ ጫፉ ላይ ለመርከቦች የሚበራ የመብራት ማማ ቆሟል። መንገዱ አጭር ነው፣ 800 ሜትር ቢሆን ነው። ግን መሀል ላይ ዋሻ አለ፣ ዋሻው የብረት በር አለው፣ በሩ የሚከፈተው ደግሞ በተወሰኑ ቀናት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሳላጣራ ሄጄ በሩን ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። እናንተ ቀኑን አጣሩ።

ሦስተኛው ግን ሠራ። ዋሻው 36 ሜትር ገደማ ነው፣ ድንጋዩን በእጅ ፈልፍለው ነው ያወጡት፤ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። ከዋሻው ስትወጡ ንፋሱ በጥፊ ነው የሚቀበላችሁ። ከዚያ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ፣ በፈረንጆቹ 2012 የታደሰ፣ ከሥሩ ማዕበሉ ጥቁሩን ቋጥኝ ሲመታ ይታያል። ድንጋዩን ልብ ብላችሁ እዩት፣ የተደራረበ ትራስ ይመስላል። ከባሕር ሥር የፈሰሰ ገሞራ ውሃ ሲነካው ድቡልቡል እያለ ነው የሚረጋው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማማው መጀመሪያ የተሠራው በፈረንጆቹ 1855 ነው፣ ከባሕሩ 93 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ከፍ ካለ ከሩቅ ይታያል ብለው ነው። ጉሙ ግን ብዙ ጊዜ ከላይ ነው የሚተኛው፣ መብራቱን ይውጠዋል፣ ከሥር ያለው መርከብ ምንም አያይም። በ1877 ወደ 38 ሜትር አወረዱት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ አንድ ጡረተኛ ወታደር ጉም በመጣ ቁጥር በየግማሽ ሰዓቱ መድፍ ይተኩስ ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «የኛ ክላክስ ማለት ነዋ» አሉ።

እና እኔም ከማማው ሥር ቆሜ ገባኝ። ጉሙ ከራሳችን በላይ እንደ ጣሪያ ተዘርግቷል፣ ከሥሩ ግን ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ቋጥኝ ላይ ተዘርረዋል። ጎልደን ጌት በሩቁ ወገቡ ድረስ ብቻ አለ፣ እግሮቹ ውሃ ውስጥ፣ አናቱ የለም። ሆክ ሂል ላይ ብሆን ኖሮ ያው ነጩን ነበር የማየው። አንዳንድ ቀን ግን ጉሙ ዝቅ ብሎ ሆክ ሂል ከላዩ ይቀራል ይላሉ፣ ያን ዕድል እስካሁን አላገኘሁም።

ከ60 ፎቶ አራቱን ወድጃቸዋለሁ። ስልኩ ነጭ ነገር ሲበዛበት ምስሉን ያጠቁረዋል፣ ጉሙ አመድ ይመስላል፤ ስክሪኑን ነክቼ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ነው የተስተካከለው። ተንጠልጣዩ ድልድይ ላይ ሰው እየተራመደ ካነሳችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም እስኪያልፍ ጠብቁ። የባሕሩ ጨው ሌንሱ ላይ ይጋገራል፣ በቲሸርት ስጠርገው ባሰበት፣ ያዳነኝ እናቴ የላከችልኝ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነው።

ደካማው ነገር አሁንም ያው ነው፦ ከፊት ለፊት የሚቀመጥ ነገር እረሳለሁ። አራቱን ፎቶዎች ሳሳያችሁ እሱን ንገሩኝ። ቀጣዩ መስከረም ላይ ነው፣ ያኔ ጉሙ ይሳሳል። ጋሼ ግን ወፍራም ጃኬት ካልገዛህልኝ ንቅንቅ አልልም ብለዋል።