የሰበርኩት መስቀል

ይሄ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። አሁንም መስቀል ሥራልኝ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ያ ከሰዓት ነው።

ሥራዬ ለፊልምና ለድራማ ዕቃ መሥራት ነው። ዙፋን ሲሉኝ ዙፋን፣ ጋሻ ሲሉኝ ጋሻ። ያኔ የያዝነው ሥራ ስለ መቅደላ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ትልቁ ሥራ የደላንታው ትዕይንት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሰዉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። የተዘረፈውን ይዞ ደላንታ ሜዳ ላይ ሰፈረና ለሁለት ቀን በሐራጅ ሸጠው። ያን ሁሉ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ አስፈልጓል ይባላል። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስም እዛው ነበር። ከጦሩ ጋር አብሮ ዘምቶ ለሙዚየሙ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ ሜዳ ላይ የሚከመር ዕቃ ያስፈልገናል። ብራና፣ ከበሮ፣ ጋሻ፣ ጽዋ፣ ዘውድ፣ መስቀል። ዘውዱንና ጽዋውን ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያሉትን በፎቶ እያየሁ ሠራኋቸው። መስቀሎቹ ግን የእኔ ነበሩ። ስድስት የመጾር መስቀል፣ ማለትም በረጅም ዘንግ ተሰክቶ የሚያዘውን ትልቁን መስቀል፣ ሠራሁ።

እውነተኛው የመጾር መስቀል እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል። ሰሙ በጭቃ ይሸፈናል። ጭቃው እሳት ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል። ከዛ ጭቃው ይሰበራል። ለዚህ ነው አንዱ ከሌላው ጋር ቁርጥ አንድ የማይሆነው። እኔ ጊዜም ገንዘብም ስላልነበረኝ በኤምዲኤፍ፣ ሰጋቱራ በሙጫ ተጋግሮ በሚሠራው ጣውላ፣ ነው የሠራሁት። ሐረጉን አንድ በአንድ ፈልፍዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ የነሐስ ቀለም ነፋሁበት። ጥላሸትና የቡና አተላ ደባልቄ ስንጥቁ ውስጥ አስገባሁ። የዕጣን ጭስ የቆየበት እንዲመስል ነው። ታች ግራና ቀኝ ባሉት ቀለበቶች ጨርቅ አሰርኩ። አንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ያየው ሰው እንጨት ነው አይልም። በጣም ኮርቼባቸው ነበር።

ቀረጻው ሰሜን ሸዋ፣ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ብዙ የሕንድ ወታደሮች ስለነበሩ የአካባቢው ልጆች ጥምጥም ጠምጥመው ሕንድ ሆነዋል። ከእነሱ መሃል አንድ ረዘም ያለ፣ ፊቱ ለካሜራ የሚሆን ልጅ ተመረጠ። የሚጠበቅበት ቀላል ነው። መስቀሉን በትከሻው ተሸክሞ ይመጣል፤ ክምሩ ላይ ይወረውረዋል። ካሜራው ከታች ሆኖ ሲያርፍ ይቀርጻል።

«አክሽን!»

ልጁ መጣ። ክምሩ ጋ ሲደርስ በርከክ አለና መስቀሉን በሁለት እጁ አስቀመጠው።

«ከት! ወርውረው ነው ያልኩህ።»

ሁለተኛውም እንደዛው። በሦስተኛው ደግሞ ከማስቀመጡ በፊት ተሳለመው።

ዳይሬክተሩ ጮኸ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ጋሻውን ይስጡኝ። እሱን እስከፈለጉት ድረስ እወረውራለሁ። ይሄን ግን ማተብ አስሬ አልችልም።»

«ፊልም ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ይቺን «አውቃለሁ» ያኔ አልሰማኋትም። ማለቴ፣ ጆሮዬ ሰምቷታል፤ ልቤ ግን አላስገባትም። ልጁ ያልገባው ነገር ያለ ነው የመሰለኝ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይበላል። ሌላ ልጅ ተጠራ፤ እሱም እምቢ አለ። ሦስተኛው ጭራሽ አልመጣም። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ «ያንተን ዕቃ አንተ አስረዳቸው» አለኝ።

ሄጄ መስቀሉን አነሳሁ። ሁሉም እያዩኝ ነው። «እዩት፣ እንጨት እንኳን አይደለም፤ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው» አልኳቸው። ከዛ ቀኝ ክንፉን ይዤ ጉልበቴ ላይ ሰበርኩት።

ቀጭ አለ። ከስብራቱ ቡናማ ዱቄት ብን ብሎ ሱሪዬ ላይ አረፈ። ክንፉ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሁለት ቀን ሙሉ የፈለፈልኩት ሐረግ መሃሉ ላይ ተበጥሶ ነጭ ጥርስ የመሰለ ነገር ወጣው።

ማንም ምንም አላለም። ንፍሮ ይዘውልን የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ረጅሙ ልጅ ጥምጥሙን ፈታና ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማስረዳት ነበር የፈለግኩት። የሰውን ፊት ሳይ ግን ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ለዜማውና ለልብሱ የሚያማክሩን አንድ መሪጌታ ነበሩ። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«የኔታ፣ እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ። አልተባረከም። ቅጂ ነው።»

«አልተባረከም፤ እውነትህን ነው» አሉኝ። «ለዚህ ነው እኔም ያልተሳለምኩት። ቅጂ ነው ስትል ግን ምን ማለትህ ነው? በየደብሩ ያለው ታቦት የሙሴ ጽላት አምሳል አይደለም እንዴ? አምሳል መሆን በእኛ ቤት አያስንቅም።»

«እሺ፣ ይሄኛውንስ ምን ልበለው?»

«የሠራኸው አንተ ነህ። ስትሠራው ምን ብለህ ሠራኸው?»

«መስቀል ብዬ።»

«እንግዲያው የሰበርከውም መስቀል ነው፣ ልጄ።»

አልተቆጡኝም። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በጣም ያመመኝ ለሥራው ብዬ ያነበብኩት ነገር ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳን አያዩአቸውም። ኤድንብራ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘው ታቦት ደግሞ እ.ኤ.አ. 2002 ወደ አገሩ ተመልሷል። ያገኙት ቄስ ምን እንደሆነ ሲረዱ ነው ይመለስ ያሉት። ይሄን እያነበብኩ፣ የሰው ጽላት እንደ ተራ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ እያሰብኩ፣ ስንት ሌሊት ተናድጃለሁ። ያን ንዴት ይዤ ነው መስቀሎቹን የፈለፈልኳቸው። ከዛ ሜዳ ላይ ወጥቼ፣ ማተብ ባሰሩ ሰዎች ፊት፣ «ዕቃ ነው» ብዬ ሰበርኩ።

ትዕይንቱን በመጨረሻ የሠራነው በጨርቅ ጥቅል ነው። ሲያርፍ ድምፅ እንዲያወጣ ውስጡ የናስ ትሪ ከተትኩ። ልጁን ጥቅሉን ከፍቼ አሳየሁት። ትሪ መሆኑን አየ፣ ነካው፣ ጥምጥሙን መልሶ ጠመጠመና ወረወረው። በአንድ ቴክ አለቀ። እንደ እኔ ከሆነ እንደውም የተሻለ ወጥቷል። ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ አይታይም፤ ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። ይሄን ከጠዋቱ ማሰብ የእኔ ሥራ ነበር።

ዳይሬክተሩ ይቺን ታሪክ ሌላ ቀረጻ ቦታዎች ላይ ያወራታል። «ገበሬዎቹ ፊልም ምን እንደሆነ ስለማያውቁ አንድ ሰዓት አባከኑብን» ይላል። ሁለቴ እኔ ባለሁበት አውርቷል። ልክ አይደለም። ልጁ «አውቃለሁ» ብሏል። ፊልም መሆኑን አውቆ፣ የቀኑ አበል እንደሚቀርበት አውቆ ነው እምቢ ያለው። እዛ ሜዳ ላይ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ከሁላችንም በላይ የገባው እሱ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲያወራት ይሄንኑ ሰው ፊት ነገርኩት። ከዛ ወዲህ አብረን አልሠራንም።

የሥራ ልማዴንም ቀይሬያለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ዕቃ አምሳል ስሠራ መጀመሪያ ስክሪፕቱን እጠይቃለሁ። የሚወረወር፣ የሚረገጥ፣ የሚቃጠል ከሆነ ሌላ ዘዴ አመጣለሁ እንጂ አልሠራም። አካባቢው ላይ ስንደርስም ዕቃዎቹን አውጥቼ ለሰዉ አሳያለሁ፤ የሚጠይቀኝን እመልሳለሁ። አንዳንድ ፕሮዲውሰር «ታበዛለህ» ይለኛል።

ያን ዕለት ማታ ዕቃ ጭነን ስንጨርስ ረጅሙ ልጅ መኪናው ጋ መጣ። የጥምጥሙን ጨርቅ አጣጥፎ ይዟል። መመለስ ስላለበት ተቀበልኩት። ከበደኝ። ስፈታው የተሰበረው ክንፍ ውስጡ አለ።

«ይቺን ረስተዋት ነበር፣ ጋሼ።»

ሱቅ ስገባ ኮላ ቀብቼ አሰርኩት። ቀለም አልደገምኩበትም፤ ስንጥቁ ከፊት ይታያል። ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ለአጭር ፊልም ልትከራየው ጠየቀችኝ።

«ምን ይደረጋል?» አልኳት።

«ዲያቆን ነው የሚይዘው። ዝናብ ውስጥ ይዞት ይቆማል።»

ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ማታውን ቁጭ ብዬ ቫርኒሽ ቀባሁትና በነጋታው ሰጠኋት።