የአሮጌ ትራክተርን ፊት ማንሳት፦ ከአዳማ የጋራዥ ልምምዴ

አዳማ ዳር በሚገኝ አንድ ጋራዥ የእርሻ ማሽን ጥገና መለማመድ ከጀመርሁ ወዲህ ከመፍታትና ከመግጠም ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ማንሳቱ ነው። ከተማችን በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የቆመ የትራክተር መገጣጠሚያ ያላት በመሆኗ አሮጌ ቤላሩስ የተባለው የሶቪየት ትራክተር ከደጃችን አይጠፋም፤ እዚህ የማካፍለው ግን በኋላ ጎማው ብቻ በሚነዳ ማሲ ፈርጉሰን 290 ላይ የሠራነውን ነው። ትራክተሩ የመጣው የኪንግ ፒን (የፊት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ) ቡሾቹ፣ ማለትም ዘንጉ የሚገባባቸው ቀለበቶች፣ ተበልተው የፊት ጎማዎቹ ስለሚወላገዱ ነበር።

ከመኪና ጥገና ለመጣ ሰው ቀድሞ ሊገባው የሚገባው ነገር የፊት አክስሉ ከትራክተሩ አካል ጋር የሚያያዘው መሐል ላይ ባለች አንዲት ፐርኖ (ወፍራም የብረት ካስማ) መሆኑ ነው። ማሽኑ ወጣ ገባ ማሳ ላይ ሲሄድ አራቱም ጎማዎች መሬት እንዳይለቁ አክስሉ በዚያች ፐርኖ ላይ እንደ ሚዛን ክንድ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ክሪኩን (ማንሻውን) ከአክስሉ አንድ ጫፍ ሥር ብናስገባ መጀመሪያ የሚነሳው አክስሉ ብቻ ነው፤ አካሉ መዘንበል የሚጀምረው አክስሉ ማቆሚያው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። መሐሉን ብናነሳ ደግሞ አክስሉ ተንጠልጥሎ ወደ ፈለገው ጎን ይወድቃል፣ የፊቱ ክብደት በሙሉም በአንዲት የክሪክ ራስ ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከማንሳታችን በፊት በአክስሉና በላዩ ባለው የፊት ተሸካሚ ብረት መካከል፣ በግራም በቀኝም፣ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ በመዶሻ አስገብተን አክስሉ እንዳይወዛወዝ አደረግን። እኔ ከሥራው ሁሉ በላይ የምቆጥረው ይህንን ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘልለውም ይህንኑ ነው።

ማሽኑን ያቆምነው ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ወንጂ አካባቢ ባለው ጥቁር መሬት ላይ ማሳው ውስጥ መሥራት ግድ ከሆነ ከክሪኩም ከመደገፊያውም ሥር ሰፊ ወፍራም ጣውላ ያስፈልጋል፤ ያ አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ቢመስልም ውኃ ከነካው ክሪክ ይውጣል። የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎች ለየብቻ የሚረገጡ ስለሆኑ በማያያዣቸው አቆራኝተን የእጅ ፍሬኑን ያዝን፣ ሞተሩን አጥፍተን ማርሽ አስገባን፣ ለሁለቱም የኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም እንዳይንከባለሉ ታኮ አደረግን። ፍሬን ያለው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ብቻ በመሆኑ ፊቱ ሲነሳ ፍሬኑ እንደያዘ ይቆያል፤ ኋላው ቢነሳ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ባለቤቱ ከኋላ የዲስክ ማረሻ አንጠልጥሎ ነበር የመጣው። የጋራዡ ባለቤት «ልጄ፣ መጀመሪያ እሱን አውርደህ ፍታው» አሉኝ። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው እንዳስረዱኝ፣ ተንጠልጥሎ የቆመ ማረሻ ፊቱን ያቀልለዋል፤ ሃይድሮሊኩ አፈስሶ ማረሻው በሥራ መሐል መሬት ሲነካ ያ የቀለለው ክብደት ተመልሶ ፊቱ ላይ ይጫናል።

ማሽኑ 2.5 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ከዚህም ከግማሽ በታች የሆነው ፊቱ ላይ ያርፋል፤ እኛ የተጠቀምነው 10 ቶን የተጻፈበትን ሃይድሮሊክ ክሪክ ነው። የጎማዎቹን ዳዶዎች መሬት ላይ እንዳሉ አላላን። ክሪኩን ያስገባነው ከፊት ተሸካሚው ብረት ሥር እንጂ ከሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ ሥር አይደለም። ጥቂት ከፍ አድርገን የክሪኩን ክንድ በጠመኔ ምልክት አደረግንበትና 10 ደቂቃ ጠበቅን፤ ጎሚኒው (ዘይት የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ያረጀ ክሪክ ቀስ እያለ እንደሚወርድ የሚታወቀው በዚህ ነው። የኋላ ጎማዎቹ ታስረው ፊቱ ብቻ ሲነሳ ማሽኑ ቅስት እየሠራ ስለሚወጣ ክሪኩ ቀጥ ብሎ አይቆይም፣ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማንሳት ይልቅ ጥቂት እያነሳን፣ ከሥር እንጨት እያስገባን፣ ክሪኩን እያወረድንና እያቃናን ሄድን። ስፒንድሉ፣ ማለትም ኪንግ ፒኑን ጎማው ከሚሽከረከርበት ዘንግ ጋር አንድ ላይ የያዘው ብረት፣ የሚወጣው ወደ ታች በመሆኑ ከፍታውን የወሰነልን የእርሱ ርዝመት ነው።

ከዚያ በኋላ ክብደቱን ሁለት የብረት መደገፊያዎች ላይ አሳረፍነው፤ እነርሱንም ከአክስሉ ሥር ግራና ቀኝ አራርቀን ነው ያቆምናቸው። የመሐሏን ፐርኖ ራሷን ለማውጣት ቢሆን ኖሮ አክስሉ ስለሚወርድ መደገፊያዎቹ ከፊት ተሸካሚው ሥር መግባት ነበረባቸው። በከተማችን በየግንባታው ደጅ ተከምሮ የሚገኘውን ብሎኬት ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙ ሰዎች አይቻለሁ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ በግድግዳ ውስጥ ተዘርግቶ የመጣበትን ጭነት ይችል ይሆናል፣ በጠባብ የብረት ጠርዝ ሲጫኑት ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። መደገፊያ ከሌለ ወፍራም አራት ማዕዘን እንጨቶችን እያጠላለፉ መደርደር ይሻላል።

ከሥሩ ከመግባታችን በፊት መደገፊያዎቹ መጽናታቸውን ለማየት አካሉን ከጎን በኃይል ገፋነው። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ የዛገ ኪንግ ፒን ያለ ከባድ መዶሻ አይወጣም፣ የመዶሻው ምት ደግሞ ማሽኑን ያናውጠዋል። ክሪኩንም ሳናወጣ ብረቱን እስኪነካ ብቻ አስጠግተን ተውነው።

የግራው ስፒንድል ወጥቶ ቡሹ ተቀይሯል። የቀኙ ግን አክስሉ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ራሱ ሞላላ ሆኖ ስለተገኘ ለክተን ለቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ ሰጥተናል፤ እስኪመለስ ድረስ ማሽኑ በመደገፊያዎቹ ላይ ስለሚያድር ሽብልቆቹንና ታኮዎቹን በየጠዋቱ እየነካካሁ አጠብቃለሁ።