መግቢያውን ማን ጠየቀህ?

አሮጌ አውቶብስ ነበር፤ ወደ ተንቀሳቃሽ የሥልጠና ክፍል ለወጥነው። 12 ወንበር፣ ስክሪን፣ ኤሲ፣ ጣሪያው ላይ የአየር ማስወጫ ማራገቢያ፣ ከኋላ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ጄኔሬተር። ግድግዳውን በፎም ሞላነው፣ ተንሸራታች መስኮቶቹን በድፍን መስታወት ተካን፣ የበሩን ጎማ አደስን። ድሮ በየስንጥቁ ሲተነፍስ የኖረው አውቶብስ ከዚያ በኋላ የቀረለት የአየር ማስገቢያ አንድ ብቻ ነው፤ ከፊት፣ ወለሉ አጠገብ የከፈትነው።

ብዙም ሳይቆይ የደንበኛው አስተባባሪ ደወሉ። «ማራገቢያህ አይስብም።»

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ገሚሱ ሠልጣኝ ግንባሩን ይዟል፣ ገሚሱን እንቅልፍ ጥሎታል፣ መስታወቱ በላብ ተሸፍኗል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያዬ ውጭ ከሚሊዮን 420 አካባቢ ሲል የነበረው ውስጥ ከ3000 አለፈ። ኤሲው ግን ያለ ዕረፍት ይሠራል። ያ ኤሲ የውስጡን አየር እያዞረ ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ ምንም አያስገባም።

«አየሩ መጥፎ ከሆነ አላርሙ ለምን አልጮኸም?» አሉኝ። አላርሙ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ከጄኔሬተር ጭስ የሚመጣው መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሰው የሚያስወጣውን ትንፋሽ አያውቀውም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ግን አይመስልም።

ማስገቢያውን ፈለግኩ። በላሜራ ተደፍኗል፣ ዙሪያው ሲሊኮን ተቀብቷል፣ ላዩ ላይ ፖስተር ተለጥፎበታል። የደፈነው ሰው እጁ ንጹህ ነው፤ እኛ ዘንድ ቢመጣ እቀጥረው ነበር።

«ይህን ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ ያስደፈንኩት። አቧራ ያስገባል።»

«ታዲያ አየሩ በየት ይግባ?»

«የተቸገርነው አየሩ አልወጣ ብሎ ነው። መግቢያውን ማን ጠየቀህ?»

አልቀለዱም። ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁ፤ ፈገግታ የለም። ለዚህች ንግግር የሚሆን መልስ ማታ ማታ አሁንም ይመጣልኛል፤ ያን ዕለት ግን አፌ ተሳሰረ።

ስለዚህ ሶፍት አወጣሁ። በሩ እንደተዘጋ ማራገቢያው ፍርግርግ ላይ አስጠጋሁት፤ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። በሩን ገርበብ አድርጌ ደገምኩ፤ ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። የማራገቢያው ድምፅ ራሱ ተለወጠ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

«አየህ!» አሉ በደስታ። «በሩ ሲከፈት ይስባል። ሲዘጋም እንዲስብ ትልቅ ግጠምልን።»

ሠልጣኞቹ ሁሉ እኔን አዩኝ፤ አስተባባሪው አሸንፈውኛል።

ቢሮ ተመልሼ በደብዳቤ ሞከርኩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የማራገቢያው የአየር መጠን ምንም ነገር ሳይከለክለው የተለካ ነው፤ ማስገቢያ ከሌለ ትልቁም ትንሹም ያው ነው። ለ12 ሰው፣ ለእያንዳንዱ በሰከንድ 8 ሊትር ብንይዝ፣ ወደ 100 ሊትር ይሆናል። ያ አየር በሰከንድ 2 ሜትር እየሄደ ይግባ ካልን 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የደፈናችሁት ልክ እሱን ነው። መጨረሻው ላይ፣ ትልቅ ማራገቢያ በዘጋችሁት አውቶብስ ውስጥ የሚስበው አየር ካጣ የጄኔሬተሩን ጭስ ሊስብ ይችላል ብዬ አሰመርኩበት። ባጭሩ መለሱልኝ፦ «ዝርዝሩ አያስፈልግም።» እኛ አንገጥምም አልን። ሌላ ባለሙያ ተገኘላቸውና ገጠመ።

ትልቁ ማራገቢያ አየሩን አገኘው። የኔትወርክ ሠራተኞች በኋላ መጥተው ገመድ ለማሳለፍ ወለሉን በስተዋል፤ ሳይደፍኑት ሄደዋል፤ ቀዳዳው ደግሞ ከጄኔሬተሩ በላይ ነው። እንግዶች ለጉብኝት ገብተው፣ በሩ ተዘግቶ፣ አላርሙ ጮኸ። ደግነቱ ሁሉም ቶሎ ወረዱ፤ የተጎዳ የለም። አስተባባሪው በመጀመሪያ የወሰዱት እርምጃ የአላርሙን ባትሪ ማውጣት ነበር። ሁለተኛው እኔ ዘንድ መደወል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለሳቸው መስጠት አለብኝ። ስለ አቧራው ያሉት ትክክል ነበር። ማስወጫ ብቻ ያለው ቤት ውስጡ ግፊቱ ስለሚቀንስ በየስንጥቁ አቧራ ይስባል፤ አንዱን ቀዳዳ ቢደፍኑት በሌላው ይመጣል። ስለዚህ ሥራውን ገለበጥነው፦ ማራገቢያውን ከፊት አድርገን፣ በማጣሪያ በኩል አየር ወደ ውስጥ እንዲገፋ፣ ከኋላ ጣሪያው ላይ ደግሞ በራሱ እንዲወጣ። ውስጡ ትንሽ ግፊት ሲይዝ በስንጥቁ አቧራም ጭስም አይገባም። የወለሉን ቀዳዳ ደፈንን፣ የጄኔሬተሩን ጭስ ማውጫ አስረዝመን ከማስገቢያው አራቅነው፣ ባትሪውንም መለስን። ሠልጣኝ ሞልቶ በሩ ተዘግቶ ስለካ ቁጥሩ ከ1000 በታች ቆየ።

በሪፖርታቸው ላይ «በአስተባባሪው ጥረት የተገኘ አዲስ መፍትሔ» ተብሎ ተጽፏል። ፎቶውም አለ፤ የኔ ክርን ይታያል።

ባለፈው ሰሞን እንደገና ደወሉ። አሁን «ኢንጂነር» ነው የሚሉኝ።

«ኢንጂነር፣ አየሩ ደክሟል። ከዚህ የሚበልጥ ማራገቢያ አለ?»

«ማጣሪያው መቼ ነው የታጠበው?»

ትንሽ ዝም አሉ።

«የቱ ማጣሪያ?»