ትተውት የሄዱት ድንጋይ

ጥር 2010፤ ጥምቀት ካለፈ አራተኛው ቀን። በሞተር ሳይክል ከሆሳዕና ወደ ሶዶ እየሄድኩ ነው። ሳይመሽ አርባ ምንጭ ልገባ ቸኩያለሁ። ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ድንገት ወደ ግራ ሸሸ። ያኔ ነው ድንጋዩን ያየሁት።

በአገራችን መንገድ የነዳ ሰው ይህን ድንጋይ ያውቀዋል። የጭነት መኪና ይበላሻል። ሹፌሩ ከፊትና ከኋላ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠልም ይጥልበታል። ምልክት መሆኑ ነው። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል። ስንት ሰው እንዲህ እንደተጎዳ እግዜር ይወቀው።

የፊት ጎማዬ ወጣበትና ወረደ። ከዚያ ከእግሬ ሥር ጓ! አለ። ትንሽ ሄጄ ሞተሩን አጠፋሁና ዞሬ አየሁ። አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ተከትሎኝ መጥቷል።

ሞተር ሳይክሌን «አሮጊቷ» ነው የምላት። ቢኤምደብሊው አር 80 ጂ/ኤስ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር 1980 የወጣ ዓይነት ነው። 800 ሲሲ ገደማ፣ 50 የፈረስ ጉልበት፤ ሁለቱ ሲሊንደሮቿ በግራና በቀኝ እንደ ክንድ የተዘረጉ። የእሷ ዘሮች ፓሪስ ዳካር የሚባለውን የበረሃ ውድድር በ1981፣ በ1983፣ በ1984 እና በ1985 አሸንፈዋል። ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ነው የኖርኩት። የማላወራው ነገር ደግሞ ነበር። ስገዛት የሞተሩን ሆድ ከድንጋይ የሚጠብቀው ጋሻ ወልቆ ጠፍቷል። «አስፋልት ላይ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ተውኩት።

አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ አየሁ። የተሰነጠቀው የዘይት ቋቱ ነው። ቋቱ ከሞተሩ ሥር የተንጠለጠለ የአሉሚኒየም ሳህን ነው በሉት። ዘይቱ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ እዚያ ይጠራቀማል፣ ፓምፑም ከዚያው መልሶ ይስበዋል። ስንጥቁ ጣቴን ያህላል። የከበቡኝ ልጆች ሳሙና ይዘው መጡ። የቤንዚን ታንከር ሲያፈስ ሳሙና ይይዘዋል፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ዘይቱ አልቆ ሳሙናው ምን ሊይዝ ነው?

ያነሳኝ አንድ አይሱዙ ነው። አዲስ አበባ ሙዝ አራግፎ ባዶውን ወደ አርባ ምንጭ ይመለሳል። አሮጊቷ ከ180 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ስድስት ጎረምሶች ተጋግዘው ጫኗት። እኔም ከኋላ በደረቀ የሙዝ ቅጠል ላይ ተቀምጬ፣ እጀታዋን አቅፌ፣ አረካን አልፌ ሶዶ ገባሁ። ሹፌሩ ከጋራዡ በር ላይ አወረደኝ። ገንዘብ ስሰጠው ተቆጣ።

ሶዶ የሞተር ሳይክል ከተማ ናት። መካኒክ አይጠፋም። የእኔው ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በጎማ ክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ከሥሯ ሳያዩ ጠየቁኝ።

«የዘይቱ መብራት እንዴት ነበር?»

«ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይጠፋም፣ ጋሼ። ገመዱ ነው።»

«ገመዱ ነው ያለህ ማነው?»

«እኔ።»

ረዳቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ቡሎኖቹን በአሥር ቁጥር ቁልፍ አንድ በአንድ ፈቱ። ካርቶን ላይ የቋቱን ቅርጽ ስለው እያንዳንዱን በቦታው ሰኩት። ቡሎኖቹ አለቁ፣ ቋቱ ግን አልወርድ አለ። ቀይ ሲሊኮን፣ የማሸጊያ ሙጫ፣ ነው የያዘው። ረዳቱ በካቻቪቴ ሊፈነቅል ሲጠጋ «እጅህን!» ብለው ጮኹበት። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ፊቱ ከተጫረ ያፈሳል። በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ መቱት፣ ወረደ።

ከዚያ ባትሪ አብርተው «ና እይ» አሉኝ።

ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት አለ። ግማሹ በቀይ ክር ተሸፍኗል፣ ልክ እንደ ፓስታ። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ቋቱ ሲታሸግ ሲሊኮኑ በዝቶ ነበር። ቡሎኑ ሲጠብቅ የተረፈው በሁለት በኩል ይወጣል። ወደ ውጭ የወጣውን በጨርቅ ትጠርጋላችሁ። ወደ ውስጥ የገባውን ማን ያየዋል? ተቆርጦ ይወድቃል፣ ዘይቱ ይዞት ይዞራል፣ መጨረሻው ወንፊቱ ላይ ነው። ጠዋት ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ይወፍራልና በተደፈነ ወንፊት ቶሎ አያልፍም። ዘይቱ በግፊት መዞር ሲጀምር የሚጠፋው መብራትም የሚቆየው ለዚህ ነው። የአዲስ አበባውን መካኒክ ብቻ መውቀስም አልችልም። አጠገቡ ቆሜ «ጨምርበት እንጂ» ስል የነበርኩት እኔ ነኝ።

«ድንጋዩ ባያስቆምህ ሞተሩ ነክሶ ነበር የሚያስቆምህ» አሉኝ። ብረት ከብረት ያለ ዘይት ሲፋተግ ማለታቸው ነው።

ማስበየድ ፈለግሁ። አልተስማሙም። ዘይት የጠጣ አሮጌ አሉሚኒየም ብየዳ በደንብ አይቀበልም፤ ቢቀበል እንኳ በሙቀቱ ይጣመማል። ሌላ ቋት ማግኘት ግድ ሆነ። አዲስ አበባ ወዳለ ጓደኛዬ ደወልኩ። ቆሞ ከቀረ የቢኤምደብሊው ሞተር የተፈታ ቋት ቤቱ ውስጥ አለ። የእሷው ዓይነት አይደለም፣ ከእሷም ይበልጣል በዕድሜ። «የቡሎኑ ቀዳዳ ግን አንድ ነው» አለኝ። በማግስቱ በአውቶቡስ ላከልኝ።

እስኪመጣ ሶዶ ላይ ከረምኩ። ስለ ቁርጡ ብዙ አላወራም፣ በጾም ወቅት የሚያነብ ሰው ሊኖር ይችላል። ዳታ የሚሉትን የወላይታ ማባያ ግን ሳላነሳ አላልፍም። በርበሬ ነው ብላችሁ አትናቁት። የመጀመሪያው ቀን አስለቀሰኝ፣ በሁለተኛው ቀን ጨምሩልኝ አልኩ። ጠዋት ጠዋት ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ከከተማው በላይ ይታያል። ልወጣው አስቤ ነበር። ከጋራዡ መራቅ ግን አልቻልኩም።

ቋቱ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ መናኸሪያ ደረሰ። የአውቶቡሱ ረዳት «መጥበሻ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

መካኒኩ ወዲያው አልገጠሙትም። ከጎን ካለው ምግብ ቤት ሊጥ አስመጡ። እውነቴን ነው፣ ሊጥ። በእንቁላል መጠን አድቦልቡለው ቋቱ ወለል ላይ አስቀመጡ፣ በአራት ቡሎን ያዝ አደረጉትና መልሰው ፈቱት። ወንፊቱ ሊጡን ተጭኖ የቀረው ውፍረት ትንሹን ጣት ያህላል። ወንፊቱ ወለሉን ከነካ መሳብ አይችልም፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ዘይቱ ትንሽ ሲቀንስ አየር ይስባል። «ይሆናል» አሉ።

የቀረው ጓርኒሲዮን ነው፣ በቋቱና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ። ለእኔ ሞተር የተቆረጠ ከየት ይመጣል? የማሸጊያ ወረቀቱም ከገበያ ጠፍቷል። ልጁ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ተልኮ ወፍራም የቢሮ ፋይል ገዝቶ መጣ። ፋይሉን ቋቱ ላይ ዘረጉ። በትንሽ መዶሻ ጠርዙን ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ወረቀቱ በራሱ በጠርዙ ልክ እየተቆረጠ ይሄዳል። ለቡሎኖቹ ቀዳዳ ክብ ጭንቅላት ያለው መዶሻ አነሱ። በመጨረሻ ዘይት ቀቡት። ቁጭ ብዬ ሳያቸው አንድ ሰዓት አለፈ። መቀስ አልነኩም።

«ሲሊኮን ትንሽ አይነካውም?» አልኩ። ዝም አሉኝ። ተገቢ መልስ ነው።

ወንፊቱን በጋዝ አጠቡት። ቡሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ፣ ቀጥሎ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ አጠበቁ። ቁልፉን የያዙት በሁለት ጣት ነው። የሞተሩም ቤት አሉሚኒየም ነዋ፤ ጉልበት ከበዛ ጥርሱ ይበላል። ሃያ ሃምሳ ከሚባለው የሞተር ዘይት ሁለት ሊትር ከሩብ ገደማ ሞላን። ሳስነሳት ዓይኔ መብራቱ ላይ ነበር። አንድ፣ ሁለት ብዬ ሳልጨርስ ጠፋ።

ለሥራው 400 ብር አስከፈሉኝ። የተሰነጠቀውን ቋት ተውልኝ አሉ፣ ቡሎን ማስቀመጫ ሊያደርጉት።

ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝግ ብዬ ነዳሁ። አባያ ቀይ ቡናማ ውኃውን ዘርግቶ ሲታየኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሰው ሐይቁን ፎቶ ያነሳል። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ቋቱን በጣቴ ዳሰስኩ። አቧራ እንጂ ዘይት የለም። በግራ በኩል ግን የወረቀቱ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። «የፋይል ቁ.» ይላል።