በ650 ዩሮ፣ በዐቢይ ጾም፣ ማላጋ

እትዬ ፍራንክፈርት ከገባች 11 ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጀርመን የወጣችው አገር ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ እረፍቷን ደግሞ እንቅልፍ ይበላዋል። የካቲት ላይ አንድ ቀን ቡና እያፈላች "አንተ፣ ለአራት ቀን ብቻ ፀሐይ የሚታይበት አገር የለም?" አለችኝ። ስልኬን አወጣሁ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ስፔን እንዲሆን ወዲያው ወሰንኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ባርሴሎናን ነበር፣ ግን የክፍሉን ዋጋ ሳይ ቶሎ ተውኩት። ማላጋን የመረጥኩት በሦስት ምክንያት ነው። በመጋቢት ቀኑ ሞቅ ይላል። ከአየር ማረፊያው መሃል ከተማ በባቡር 12 ደቂቃ ያህል ነው፣ ዋጋውም 2 ዩሮ አይሞላም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚታየው ነገር ሁሉ በእግር ይዳረሳል፣ እትዬ ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል በእረፍቷ አውቶቡስ ስታሳድድ እንድትውል አልፈለግኩም። ለሁለታችን ለሁሉም ነገር 650 ዩሮ መደብን። ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም የለም ተባባልን።

ቀኑን የወሰነችው እሷ ናት። "ጾም ላይ ነን፣ ግን ፋሲካን ከጠበቅን ፈቃድ አላገኝም" አለች። እኔ በሆዴ፣ ጾመኛ ይዤ ስፔን ልሄድ ነው፣ ያ ሁሉ የአሳማ ሥጋ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሸጥበት አገር ምን ልትበላ ነው እያልኩ ነበር። ዋጋውን ሳይ ግን ዝም አልኩ። ቱሪስት ገና ያልበዛበት ጊዜ ነው። የነሱ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ያ ትልልቁ ሰልፍ በማላጋ ጎዳናዎች ሲጀመር፣ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያዝን። ቅዳሜና እሁድን የሸሸሁት በረራው ርካሽ እንዲሆን ነበር። በኋላ እንደማወራው ይሄ በአንድ በኩል ጠቅሞኛል፣ በሌላ በኩል ትንሽ ጎድቶኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። በረራ ስፈልግ "ፍራንክፈርት" የሚል አየሁና አንድ መንገድ 24 ዩሮ። ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ 96 ዩሮ! ሳልተነፍስ ገዛሁ። ከገዛሁ በኋላ ነው አየር ማረፊያው "ሃን" የሚባለው መሆኑን ያየሁት። ሃን ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስሙ እዚያው ተጽፏል፣ አላነበብኩም። አውቶቡሱ ለሁለታችን ደርሶ መልስ 84 ዩሮ። አንድ ሻንጣ ደግሞ 52። ይኸው 96 የነበረው 232 ሆነ። በኋላ ተናድጄ ከዋናው አየር ማረፊያ ስንት እንደነበር አየሁ፣ ያንኑ ሻንጣ ጨምሮ 246 ነበር። ማለት 14 ዩሮ ለማትረፍ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሣን (ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እትዬ አውቶቡሱ ውስጥ ነጠላዋን እንደተከናነበች "14 ዩሮህን ልስጥህና ቤቴ መልሰኝ" ስትል የምላት አጣሁ። ከዚያ ወዲህ የበረራ ዋጋ ብቻውን አላይም። ከቤቴ በር እስከ ሆቴሉ በር ድረስ ነው የምደምረው።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይብሳል። ሁለታችንም የያዝነው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ነው። በዚህ ሸንገን በሚባሉት የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ከ180 ቀን 90 ቀን ያህል ያለ ተጨማሪ ቪዛ መዞር ይቻላል፣ ግን ሁለቱም በእጅ መኖር አለባቸው፣ ካርዱ ብቻውን አይበቃም። ይሄን አውቅ ነበር። የማላውቀው አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለውን ሰው ወረቀቱን አስቀድሞ የቼክ ኢን ጠረጴዛቸው ላይ አሳይቶ እንዲያስመታ የሚጠይቁ መሆኑን ነው። እኔ በስልኬ ቼክ ኢን አድርጌ፣ ወረቀቱንም አትሜ፣ ፍተሻውን አልፌ፣ ጌቱ ላይ ኮራ ብዬ ቆምኩ። ልጅቷ ፓስፖርቱን አገላበጠችና "ማህተሙስ?" አለችኝ። የምን ማህተም? ተመልሰን በሩጫ ወጣን፣ አስመታን፣ ፍተሻውን እንደገና ቀበቶ ፈትተን ጫማ አውልቀን አለፍን። በሩ ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩት ደረስን። ለአበሻ የምመክረው፣ ስልክህ ላይ ሁሉ ነገር ተሟልቶ ቢታይም መጀመሪያ ወደ ቼክ ኢን ጠረጴዛው ሂድ። ስንመለስ ማላጋ ላይ ገና ከባቡሩ ሳንወርድ እትዬ "ማህተሙን አትርሳ" ትል ነበር።

ማላጋ ስንደርስ ፀሐዩ እንደ አዲስ አበባ የጥቅምት ጠዋት ነበር። ማረፊያችን "ኦስታል" የሚሉት ነው። ስሙን ሰምታችሁ ባለ ስምንት አልጋ የወጣቶች ማደሪያ እንዳይመስላችሁ። ስፔን ውስጥ ኦስታል ማለት ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ፔንሲዮን ነው። የራሳችን ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ የራሱ ሻወር፣ ለአንድ ሌሊት 64 ዩሮ። ከፕላሳ ዴ ላ ሜርሴድ ትንሽ ራቅ ይላል። ሠዓሊው ፒካሶ በ1881 የተወለደው እዚያ አደባባይ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ነው። መስኮታችን ወደ ውስጥ ግቢ ነበር የሚያየው። ሲያስይዙት ያስቀይማል፣ ግን መንገድ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት የሚጠጣውን ሰው ጫጫታ አይሰማም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ያልጠበቅኩት ብርዱን ነው። ቀን በሸሚዝ የዋለ ሰው ማታ ክፍሉ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ቤቶቹ ለሙቀት የተሠሩ ናቸው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ማሞቂያው ለስሙ ያህል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠየቅን፣ ሳያንገራግሩ ሰጡን። ካልሲ ያዙ።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሙሉ ጉዞው የተሳካው በሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን 6 ሰዓት ላይ ራበኝ። ሌሊት የተነሣ ሰው ነኝ። ምግብ ቤት ገባን፣ ወጥ ቤቱ ገና ነው አሉኝ። ሌላ ቦታ ገባን፣ ከ7 ሰዓት ተኩል በኋላ አሉኝ። ስፔኖች ምሳቸውን የሚበሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ከዚያ ወጥ ቤቱ ይዘጋና እስከ ማታ 2 ሰዓት ድረስ እውነተኛ ምግብ ማግኘት ከባድ ነው፣ ማታም ከ3 ሰዓት በኋላ ነው ሰው በደንብ የሚቀመጠው። እኔ ተቅበጠበጥኩ። እትዬ ደግሞ የምትጾመው እስከ 9 ሰዓት ነው። ተረጋግታ ወደብ ዳር ፀሐይ ስትሞቅ ቆየችና ልክ 9 ሰዓት ሲሆን "እንብላ?" አለች። ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ወጥ ቤቱ እየነደደ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ። "እነዚህ ሰዎች ይጾማሉ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በሷ ሰዓት ገባሁ። ጠዋት ቀለል ያለ ነገር እቀምሳለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ አንድ ከባድ ምሳ፣ ማታ ከሱፐርማርኬት ዳቦ፣ ወይራ፣ ቲማቲም፣ ሁሙስና ብርቱካን። በጀታችንን ያዳነው ይሄ ነው፣ ሌላ ብልሃት አልነበረም።

ምሳውን "ሜኑ ዴል ዲያ" ይሉታል። የዕለቱ ምግብ ማለት ነው። አንድ ቀዳሚ፣ አንድ ዋና ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ በመጨረሻ ጣፋጭ ወይም ቡና፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ከ12 እስከ 15 ዩሮ ከፍለናል። በብዛት የሚገኘው በሥራ ቀን ነው፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ መያዜ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ከባህሩ ፊት ለፊትና ከካቴድራሉ ሥር ያሉትን ዝለሏቸው። ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ኋላ ግቡና የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ያሉበት ተቀመጡ። ውኃ ደግሞ የቧንቧ ጠይቁ። ከ2022 ጀምሮ ምግብ ቤቶች በነፃ እንዲያቀርቡ ሕግ ወጥቷል። ጣዕሙ ያን ያህል አይደለም፣ ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርሙስ መግዛት ይቀራል።

ጾሙን ማስረዳቱ ነው ያስቸገረን። መጀመሪያ "ሲን ካርኔ"፣ ያለ ሥጋ፣ አልን። ሰላጣ መጣ፣ ላዩ ላይ ቱና፣ እንቁላልም አለበት። አስተናጋጁ እውነቱን ነው፣ ሥጋ የለውም። ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ቤት ስንገባ አንዲት ደግ ሴት "ቤጋና?" ብላ እትዬን ጠየቀቻት። ስፔኖች "ቪ"ን "ቢ" አድርገው ነው የሚያነቡት፣ ቪጋን ነሽ ወይ ማለቷ ነው። እትዬ ግን ክው አለች። "በገና ነው ያለችኝ? በጾም በገና እንደሚደረደር በምን አወቀች?" ሳቄ መጣ። ስነግራት እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የትም ስትገባ ቀና ብላ "ሶይ ቤጋና" ትላለች። ሠርቷል ደግሞ! አልመንድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳቦና የወይራ ዘይት ተፈጭቶ የሚሠራ "አሆብላንኮ" የሚባል ቀዝቃዛ ነጭ ሾርባ አለ፣ ከላይ ወይን ጣል ያደርጉበታል። ተጠብሶ የሸንኮራ አገዳ ሽሮፕ የፈሰሰበት ደበርጃን አለ፣ እሱን ሁለት ቀን ደገመችው። ስፒናችና ሽምብራ ደግሞ የኛው ጎመንና ሽምብራ ሩቅ ዘመድ ነው፣ በርበሬ ብቻ ይጎድለዋል። ሊጡ ውስጥ ወተት ወይም እንቁላል ይኖር እንደሆነ መጠየቅ አይቀርም፣ እሱንም ለመደችው።

እኔ ሦስተኛው ቀን ላይ አፈነገጥኩ። 11 ቁጥር አውቶቡስ ይዘን ፔድሬጋሌሆ ሄድን፣ የድሮ የአሣ አጥማጆች ሰፈር ነው። ባህሩ ዳር አሸዋ የሞሉት ትንሽ ጀልባ ላይ እንጨት ያነድዱና ሰርዲኑን በሸንበቆ ሰክተው አጠገቡ ያቆሙታል። በጣም የሚወፍረው በበጋ ነው ይላሉ፣ ለኔ ግን የመጋቢቱም በቂ ነበር። እትዬ ድንች በወይራ ዘይት ይዛ "ብላ፣ ብላ፣ እኔ አላየሁም" አለችኝ።

ቡናውን ሳላወራ ብቀር ቅር ይለኛል። ማላጋ ውስጥ "ቡና በወተት" ብሎ ማዘዝ አይበቃም። የወተቱ መጠን እየተለካ ለእያንዳንዱ ስም አለው። ቡናው ጠብታ ያህል ከሆነ "ኑቤ"፣ ደመና። ትንሽ ጨመር ካለ "ሶምብራ"፣ ጥላ። እኩል በእኩል ከሆነ "ሚታድ"። ያለ ወተት "ሶሎ"። ጠዋት ጠዋት አንድ ሚታድና ቲማቲምና ዘይት የፈሰሰበት ትንሽ ዳቦ እበላለሁ፣ ዳቦውን "ፒቱፎ" ይሉታል። እትዬ ሶሎዋን ከ9 ሰዓት በኋላ ነው የምትጠጣው። ቀመሰችው። "ቡናቸው ይጠቁራል እንጂ ቡና አይደለም፣ ስሙ ግን ያምራል" ብላ ፈረደች።

ያየነውን ሁሉ አልዘረዝርም። አልካሳባን ግን አትለፉት። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ገዥዎች የሠሩት ምሽግ ነው፣ ሥሩ ላይ ደግሞ የሮማውያን ቲያትር አለ፣ በ1951 ለግንባታ ሲቆፈር ድንገት የተገኘ። ቲያትሩን በነፃ ነው የሚያዩት። ከላይ ያለውን የሂብራልፋሮን ምሽግ በእግር ለመውጣት አትሞክሩ። 35 ቁጥር አውቶቡስ ያወጣችኋል፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር ነው። እኛ መጀመሪያ በእግር ጀምረን ግማሽ ላይ ተመለስን፣ እትዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ "እዚህ ተራራ ላይ ገዳም ከሌለ አልወጣም" አለች። ካቴድራሉ ከሁለት ግንቦቹ አንዱ ብቻ ነው ያለቀው። ሥራው በ1782 ቆመ፣ እንደዚያው ቀረ። የከተማው ሰው "ላ ማንኪታ"፣ አንድ እጇ፣ ይላታል። በቁልምጫ ነው የሚጠሯት።

የጎዳኝ ያልኩት ይሄ ነው። አልካሳባ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነው። የፒካሶ ሙዚየምም እሁድ ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ነፃ ነው። እኛ ዓርብ ተመለስን። ግን ስደምረው የእሁድ በረራ ከዚያ መግቢያ በላይ ያስከፍለኝ ነበር፣ ስለዚህ አልቆጨኝም፣ ወይም ትንሽ ብቻ ነው የቆጨኝ። ግራናዳም አልሄድንም። እዚያ ያለው የአልሃምብራ ቤተ መንግሥት ትኬት በስምና በፓስፖርት ቁጥር አስቀድሞ ነው የሚያዘው፣ እኔ ሳስታውስ አልቆ ነበር። ስነግራት እትዬ ያዘነች አልመሰለችኝም። በዚያ ቀን ወደብ ዳር አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ተኛች። ለዚህ ነው የመጣችው።

ሂሳቡ እንዲህ ሆነ። መንገድ 232፣ ሦስት ሌሊት 192፣ ምግብና ቡና 165፣ የከተማ ትራንስፖርትና መግቢያ 38። ድምሩ 627። የተረፈውን 23 ዩሮ ዓርብ ጠዋት አታራሳናስ ገበያ ገብታ በማላጋ ዘቢብና በተጠበሰ አልመንድ ጨረሰችው። ግማሹን ለሥራ ባልደረቦቿ፣ ግማሹን ለማኅበሯ።

ባለፈው ሳምንት ደውላ "ጾም ሲሆን ይሻላል አላልክም? እንግዲህ በፍልሰታ እንሂዳ" አለችኝ። ፍልሰታ ነሐሴ ነው። "ፌሪያ" የሚሉት የማላጋ ትልቁ የከተማ በዓልም ነሐሴ ነው። ያንኑ ክፍላችንን ለዚያ ሳምንት ከፍቼ ዋጋውን ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመለሰችም። ከዚያ "ጾመ ነቢያት መቼ ነው የሚገባው?" የሚል መልእክት መጣ። የኅዳርን በረራ እያየሁ ነው፣ ከዋናው አየር ማረፊያ።