ጁስ ሂተር የሚያረጀው በክረምት ነው

ሰሞኑን ከሒሳብ ክፍል አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የቋሚ ንብረት መዝገቡን እያጠሩ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ጁስ ሂተር የምትሉት ነገር ስንት ዓመት ያገለግላል? አንድ ቁጥር ብቻ ይስጡኝ፣ ሌላ አልፈልግም» አለች። ብዙ ሰው 20 ወይም 25 ብሎ ይገላገላል። ሻጮችም የሚሉት እሱኑ ነው። እኔ ግን ጸጉሬ የሸበተው ስኳር ፋብሪካ ጥገና ውስጥ ስለሆነ አፌ እሺ አላለኝም።

«የቱ?» አልኳት።

«የቱ ማለት?»

«ገላው ነው ወይስ ቲዩቡ?»

ዕቃውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጁስ ሂተር ትልቅ ክብ የብረት ገላ ነው፤ ሼል እንለዋለን። ሆዱ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ረጃጅም ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ ቲዩብ የምንለው እነሱን ነው። የአገዳው ጭማቂ በቱቦዎቹ ውስጥ ይሄዳል። ጭማቂውን ከሚያተነው ኢቫፖሬተር የመጣው እንፋሎት ደግሞ በውጭ በኩል ከቦ ያሞቀዋል። ኖራ የገባበት ጭማቂ ቆሻሻው ወደሚዘቅጥበት ክላሪፋየር ከመግባቱ በፊት ከ102 እስከ 105 ዲግሪ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ቆሻሻው በደንብ አይዘቅጥም፣ ስኳሩም አይነጣም። ቢራ ፋብሪካም፣ ነዳጅ ማጣሪያም፣ ኃይል ማመንጫም ውስጥ ያው ዕቃ በሌላ ስም አለ።

ሼሉ ሲሠራ ዝገት የሚበላው ትርፍ ውፍረት አብሮ ይታሰብለታል። ቴማ የሚባለው የአሜሪካ አምራቾች ማኅበር ደረጃ ለካርቦን ስቲል ገላ እንደ ሥራው ክብደት 1.6 ወይም 3.2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ያስቀምጣል። ለቲዩብ ግን እንዲህ ያለ ትርፍ የለም። ቲዩብ ቀጭን ነው፤ ሥራው ሙቀት ማሳለፍ ነው። ስለዚህ ገላው 30 ዓመት አልፎት ገና ደህና ሆኖ፣ ውስጡ ያሉት ቲዩቦች ግን ሁለቴ ሦስቴ ተቀይረው ሊሆን ይችላል። እንደ ውሃው፣ እንደ ብረቱ ዓይነትና እንደ አያያዙ ቲዩብ 5 ዓመትም አይሞላ፣ 15 ዓመትም አልፎ ይሄድ ይሆናል።

ይሄን ስነግራት ሳቀች። ለካ የሒሳብ ሰዎቹም በደንባቸው አላቸው። አይኤኤስ 16 የሚሉት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ የአንድ ንብረት ትልልቅ ክፍሎች ዕድሜያቸው ከተለያየ እርጅናቸው ለየብቻ ይታሰብ ይላል። «እንግዲያው ሁለት መስመር ክፈቺ» ብያት ተለያየን።

የወንጂ ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1954፣ ሸዋ ደግሞ በ1962 ሥራ ጀምረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገዳ ፈጭተዋል። ይሄን የሰማ ሰው «የድሮ ብረት እኮ ነው!» ይላል። ብረቱማ ጥሩ ነበር። ግን ሂተር ውስጥ ያለ ቲዩብ እንደዚያ ሳይቀየር ይኖራል ብሎ የሚያስብ መካኒክ የለም። እነዚያን ፋብሪካዎች ያቆያቸው በየዓመቱ ሲጠገኑ መኖራቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ሰው ሁሉ ሂተር የሚያልቀው በሥራ ብዛት ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ቲዩብ በብዛት የሚያልቀው ክረምት ላይ፣ ፋብሪካው ቆሞ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ነው።

አንድ ጊዜ ከአግዳሚ ሂተር የወጣ የካርቦን ስቲል ቲዩብ በርዝመቱ በግራይንደር ለሁለት ሰነጠቅን። የላይኛው ግማሽ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይዟል። ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ ፈተግ ሲያደርጉት ብረቱ ያብረቀርቃል። በካሊፐር ስንለካው ውፍረቱ ከአዲሱ ብዙም አልራቀም። የታችኛው ግማሽ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ይዞ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። አንዳንዱ ጉድጓድ የትንሿን ጣት ጥፍር ያስገባል፣ አንዳንዱም በሌላው በኩል ብርሃን ያሳያል። መስመሩ ውሃ ተኝቶበት የነበረ ቦታ ነው።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ሥራ ላይ እያለ ጭማቂው በሴኮንድ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይሮጣል። አሲዱም በኖራ ተገርቷል። ፋብሪካው ሲቆም ግን ቫልቭ ተከፍቶ «ወርዷል» ይባልና ይረሳል። ረጅም ቲዩብ መሐሉ ላይ ትንሽ ስለሚረግብ ሁሉም አይወርድም። የቀረው ጭማቂ ይቦካል፣ ይኮመጥጣል። ከሥሩ ደለል አለ፣ ደለሉ ሥር ባክቴሪያ አለ። ሦስት አራት ወር ሙሉ እዚያው ብረቱን ይበላል። ጥቅምት ላይ እንፋሎት ሲከፈት ቲዩቡ ይበሳል። ያኔ ሁሉም «እንዴ፣ ደህና አልነበረም?» ይላል።

ሥራም የራሱ ጉዳት አለው፤ አልክድም። ጭማቂ የሚገባበት የቲዩብ ጫፍ በአሸዋ ይላጋል። ቲዩቦቹን በመሐል ደግፎ በሚይዘው ሳህን፣ በባፍሉ ቀዳዳ ላይ ቲዩብ እየተንቀጠቀጠ ይሞረዳል። የነሐስና የመዳብ ቲዩብ ከሆነ ከጭማቂው እንፋሎት ጋር የሚመጣው አሞኒያ ያጠቃዋል፤ በተለይ ቀዝቅዞ ውሃ የማይሆነውን ጋዝ የሚያወጣው ቀጭን ቧንቧ ከተደፈነ። ቢሆንም እነዚህ ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸው፣ የሙቀት መዝገቡን የሚያይ ሰው ቀድሞ ያውቃቸዋል።

ስኬልስ? ስኬል ሻይ ማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚጋገረው ነገር ነው፤ የኛው ብቻ ቡናማ ነው፣ የካልሲየም ፎስፌትና የሲሊካ ቅልቅል። ራሱ ብረት አይገድልም። የሚገድለው ቸኩሎ የሚያነሳው ሰው ነው። ደንቡ በካስቲክ ሶዳ አፍልቶ ማላላት፣ ከዚያ በብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ በደንብ ማጠብ ነው። አልለቅ ሲል ነው አሲድ የሚመጣው፣ እሱም ብረቱን የሚጠብቅ ኢንሂቢተር ተጨምሮበት። ኢንሂቢተሩ ውድ ነው ተብሎ አሲዱ ብቻውን ሲገባ አይቻለሁ። አሲድ ስኬሉን ሲጨርስ «በቃኝ» አይልም፣ ወደ ብረቱ ይቀጥላል። ስቴንለስ ስቲል ከሆነ ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጠገቡ አይድረስ፤ ክሎራይዱ መርፌ የወጋው አስመስሎ ነው የሚበሳው።

ክረምት ላይ መደረግ ያለበት ነገር አሰልቺ ስለሆነ ነው የማይደረገው። በሩን መክፈት፣ በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ በእያንዳንዱ ቲዩብ የታመቀ አየር መንፋት፣ ደርቆ አየር እንዲዘዋወርበት መተው። ማድረቅ ካልተቻለ ኖራ በገባበት ውሃ እስከ አናቱ ሞልቶ መዝጋት ነው። ግማሽ ውሃ ግማሽ አየር ሆኖ መቆየት ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ለዚህ ሥራ አንድ ኮምፕረሰርና ሁለት ታጋሽ ልጆች ይበቃሉ።

ቲዩብ ሲበሳ ሁለቱን ጫፍ በሾጣጣ የብረት ታፖ መትተን እንዘጋለን። እስከ 10 ፐርሰንት ቢዘጋ ችግር የለውም የሚል የልምድ ሕግ አለ። እኔ ግን ጥርጣሬ አለኝ፤ ጠቅላላውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል። 200 ቲዩብ ያለው፣ ጭማቂው በ10 ዙር እየተመላለሰ የሚያልፍበት ሂተር እንውሰድ። በየዙሩ 20 ቲዩብ አለ ማለት ነው። 20 ተዘጋ፤ 10 ፐርሰንት ነው፣ በሕጉ ደህና ነው። ግን ከ20ዎቹ 8ቱ አንድ ዙር ውስጥ ቢሆኑ? ያ ዙር በ12 ቲዩብ ቀረ። ፍጥነቱ በሁለት ሦስተኛ ይጨምራል፣ እዚያ ዙር ላይ የሚጠፋው ግፊት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ፓምፑ ያቃስታል፣ ኦፕሬተሩ ፓምፑን ይወቅሳል። ስለዚህ ቁጥሩን በየዙሩ ያዙ። የቲዩብ ሺቱን፣ የቲዩቦቹ ጫፍ የሚታሰርበትን ባለ ቀዳዳ ሳህን፣ ክብ ሥዕል በወረቀት አሥሉና የተዘጋውን ቀዳዳ ከነቀኑ አጥቁሩት። የጠቆሩት አንድ አካባቢ ሲሰባሰቡ ምክንያታቸውም እዚያው አካባቢ ነው፤ ከታች ከሆነ የተኛ ውሃ፣ እንፋሎት መግቢያው ፊት ከሆነ እንፋሎቱ ቲዩቡን በቀጥታ እንዳይመታ የምትከላከለው ሳህን ወድቃለች።

ደግሞ የኛ አገር ነገር አለ። ቲዩብ የሚመጣው ከውጭ ነው። ኤልሲ የሚባለው የባንክ የግዢ ዋስትና እስኪከፈት፣ ዶላር እስኪገኝ፣ ዕቃው ጅቡቲ እስኪደርስ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ላይ ሆኖ የከርሞን ሳይሆን የከርሞ ወዲያውን ቲዩብ ማዘዝ ያስፈልጋል። ስታዝዙ ርዝመቱን ከድሮው ሥዕል አትገልብጡ፤ ከሺት እስከ ሺት በሜትር ለኩ፣ በሁለቱም ጫፍ የሚወጣውን ጨምሩ። የቲዩቡን ጫፍ አስፍቶ ሺቱ ላይ የሚያጣብቀውን የኤክስፓንደር ሮለርና ማንድሬልም በዚያው ኤልሲ አስገቡ። ቲዩቡ መጥቶ ሮለሩ ያለቀበት ወርክሾፕ ብዙ ነው።